ጀርም ሳይገኝባት ለምን መድኃኒት ትወስዳለች? ሐኪሞችን ለብዙ ዓመታት ያሳሳተው የሳንባ ፈንገስ ታሪክ



ሰሞኑን አንዲት እናት በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከችልኝ። ልጇ ሉኪሚያ የሚባለውን የደም ካንሰር እየታከመች ነው። "ዶክተር፣ ልጄ ኬሞዋን እየወሰደች ደህና ናት። አታስልም፣ አታተኩስም። ግን በሳምንት ሦስት ቀን ኮትሪሞክሳዞል ስጫት ተባልኩ። ምንም ኢንፌክሽን ሳይኖርባት አንቲባዮቲክ መስጠት አይጎዳትም ወይ? ደግሞ ሐኪሟ 'ለሳንባ ፈንገስ መከላከያ ነው' አሉኝ። ፈንገስ በአንቲባዮቲክ ይያዛል እንዴ? ግራ ገባኝ፤ ላቁመው ወይ?"

እህቴ፣ አታቁሚው። አጭሩ መልስ ይኸው ነው፤ ለእሷም ወዲያው ጽፌላታለሁ። ጥያቄዎቿ ግን በጣም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄ ኤችአይቪ በደማቸው ካለባቸው ወገኖች፣ ከኩላሊት ንቅለ ተከላ ታካሚዎችና ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ከሚወስዱ ሰዎችም ይመጣልኛል። ስለዚህ ዛሬ ረጅሙን መልስ ልጻፍ። ረጅሙ መልስ ታሪክ ነው፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ራሱ ስለ ፈንገሱ ትንሽ ልበል። ስሙ ኒሞሲስቲስ ይባላል። የሚያመጣውን የሳንባ ምች እኛ ሐኪሞች በአጭሩ "ፒሲፒ" እንለዋለን። ብርቅ ነገር አይደለም፤ አብዛኞቻችን ገና ሕፃን ሳለን በትንፋሽ አግኝተነዋል፣ ሰውነታችንም ሳናውቀው ተቋቁሞታል። ችግሩ የሚመጣው በሽታ የመከላከል አቅም ሲዳከም ነው። ያን ጊዜ ፈንገሱ አየር የሚገባባቸውን ትንንሽ የሳንባ ከረጢቶች አረፋ በመሰለ ነገር ይሞላቸዋል። ታማሚው ደረቅ ሳል ይስላል፣ ትኩሳት ይኖረዋል፣ ከሁሉም በላይ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። ተቀምጦ ደህና የሚመስል ሰው ደረጃ ሲወጣ ወይም ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ ኦክስጅኑ ይወርዳል።

ለሐኪም የሚያስቸግረው ሌላ ነው። በማዳመጫ ሲሰሙት ሳንባው ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። ራጁም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ላያሳይ ይችላል። አክታ አምጣ ቢባል ሳሉ ደረቅ ስለሆነ የሚተፋው የለም። አክታው ቢገኝ እንኳ እንደ ሌሎች ጀርሞች ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድገን እንየው ብንል እምቢ ይላል። እስከ ዛሬ በተለመደው የላቦራቶሪ ዘዴ አይበቅልም። ስለዚህ ይህን በሽታ የሚያገኘው አስቀድሞ የጠረጠረው ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ታሪክም ያለመጠርጠርና የመጠርጠር ታሪክ ነው።

ፈንገሱ መጀመሪያ የታየው በ1909 በብራዚል ነው፤ ያዩት ሰው ግን ያዩት ሌላ ነገር መሰላቸው። ዶ/ር ካርሎስ ቻጋስ በዚያ ዓመት ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የቻጋስ በሽታ ያገኙ ታላቅ ሐኪም ናቸው። የበሽታውን ተውሳክ ጊኒ ፒግ በሚባሉ እንስሳት ላይ ሲያጠኑ በእንስሳቱ ሳንባ ውስጥ ክብ ክብ ከረጢቶችን ተመለከቱ። አእምሯቸው ያንን አዲስ ተውሳክ ብቻ ያስብ ስለነበር ከረጢቶቹ የተውሳኩ አንድ የእድገት ደረጃ መሰሏቸው። በቀጣዩ ዓመት በሳኦ ፓውሎ ይሠሩ የነበሩት ጣሊያናዊ አንቶኒዮ ካሪኒ ተመሳሳይ ከረጢቶችን በአይጦች ሳንባ ውስጥ አዩና ናሙናውን ፓሪስ ወደሚገኘው የፓስተር ተቋም ላኩ።

ፓሪስ ውስጥ ጉዳዩን የያዙት ባልና ሚስት ነበሩ፤ ዴላኖዬ ይባላሉ። እነሱ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፦ ይህ ነገር የተውሳኩ አካል ከሆነ ተውሳኩ በሌለባቸው አይጦች ውስጥ መገኘት የለበትም። የፓሪስን የፍሳሽ ቦይ አይጦች ይዘው መረመሩ። አይጦቹ የቻጋስ ተውሳክ ዘመድ የሆነ ምንም ነገር የለባቸውም፤ ከረጢቶቹ ግን ሳንባቸው ውስጥ አሉ! በ1912 "ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ፍጥረት ነው" ብለው ጻፉ፤ ለካሪኒ ክብርም "ኒሞሲስቲስ ካሪኒ" ብለው ሰየሙት። እንደ እኔ እንደ እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም የሚያምረው ሥራ የእነዚህ ባልና ሚስት ነው። ውድ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ ያደረጉት "እስቲ በሌለበት ቦታ ደግሞ እንፈልገው" ማለት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተረሳ። አይጥ ላይ የሚኖር፣ ሰው የማይነካ ፍጥረት ማንን ይገደዋል?

ሰው መንካቱ የታወቀው ሕፃናት ላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በመካከለኛው አውሮፓ በወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያዎችና ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚያድጉባቸው ክፍሎች አንድ እንግዳ የሳንባ ምች ገባ። የሚይዘው ከሲታና በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ነው፤ አብዛኞቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። ሕፃኑ ትኩሳት ሳይኖረው ጡት ወይም ጡጦ መጥባት ይቀንሳል፣ ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይላል፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። ሐኪሙ ደረቱን ሲያዳምጥ የሚሰማው የለም። ብዙዎቹ ሞቱ። አስከሬናቸው ሲመረመር የሳንባቸው ከረጢቶች እንደ ማር እንጀራ በመሰለ አረፋ ተሞልተው ተገኙ፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ግን ለዓመታት አልታወቀም።

ያወቁት ቼኮዝሎቫኪያውያን ነበሩ። አስከሬን የሚመረምሩት ሐኪም ዮሴፍ ቫኔክና የተውሳክ ተመራማሪው ኦቶ ዪሮቬትስ በ1952 አካባቢ ባወጧቸው ሥራዎች ያ አረፋ የሞተ ፈሳሽ እንዳልሆነ አሳዩ፤ አረፋው ራሱ ያ የተረሳው ኒሞሲስቲስ ነበር። ከዚያ በፊት በ1942 ሆላንድ ውስጥም ሁለት ተመራማሪዎች በሰው ሳንባ ውስጥ አይተውት ጽፈው ነበር፤ ግን በጦርነቱ መሀል ማን ያንብበው?

ቀጥሎ የሃንጋሪ ሐኪሞች ፔንታሚዲን የሚባል መርፌ ለእነዚህ ሕፃናት ሞከሩ፤ ብዙዎቹም ዳኑ። ፔንታሚዲን ለአፍሪካ የእንቅልፍ በሽታና ለካላዛር የሚያገለግል የቆየ መድኃኒት ነው። በመተማና በሑመራ በኩል ያላችሁ ወገኖች ካላዛርን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። መድኃኒቱን ያዙልኝ፤ ከታች ተመልሶ ይመጣል።

ታሪኩ አሁን ወደ አሜሪካ ይሻገራል፤ ወደዚያች እናት ጥያቄም ይቀርባል።

በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የልጆች የደም ካንሰር ሕክምና ተስፋ ማሳየት ጀመረ። በቴነሲ ግዛት ሜምፊስ ከተማ በ1962 የተከፈተው ቅዱስ ይሁዳ (ሴንት ጁድ) የሕፃናት ሆስፒታል በዚህ ሥራ ግንባር ቀደም ነበር። ነገር ግን ልብ የሚሰብር ነገር ገጠማቸው። ኬሞው ሠርቶ ካንሰሩ ከደማቸው የጠፋላቸው ልጆች በሳንባ ምች መሞት ጀመሩ። ካንሰሩን የሚገድለው መድኃኒት የልጆቹን የመከላከል አቅምም አብሮ ይጥል ነበር፤ ያን በር ጠብቆ የገባው ኒሞሲስቲስ ነው። አስቡት፤ "ልጃችሁ ከካንሰሩ ነጻ ናት" ተብለው የተደሰቱ ወላጆች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጃቸውን በምች ያጣሉ።

በዚያ ዘመን በሽታውን ማረጋገጥ ራሱ ፈተና ነበር። አክታ ስለማይገኝ ከሳንባው ላይ ሥጋ መቁረጥ ያስፈልጋል። ይህ ማለት ደም መርጋት ያቃታትን፣ ትንፋሽ ያጠራትን ትንሽ ልጅ በማደንዘዣ አስተኝቶ ደረቷን መክፈት ማለት ነው። አንዳንዶች ረጅም መርፌ በጎድን አጥንቶች መካከል አስገብተው ከሳንባ ውስጥ ይቀዱ ነበር፤ ሳንባው ተበስቶ አየር የሚያፈስበት ጊዜም አለ። የተገኘው ናሙና በብር ጨው ይቀለማል። ፈንገሱ ካለ በማይክሮስኮፕ ሥር ጥቁር ሆነው፣ አንዳንዶቹ የተጨፈለቀ የፒንግፖንግ ኳስ መስለው የሚታዩ ከረጢቶች ይወጣሉ። ሐኪሙ ሁለት አስፈሪ ነገሮችን ማመዛዘን ነበረበት፦ ምርመራው ልጇን ሊጎዳት ይችላል፣ አለመመርመሩም ሊገድላት ይችላል።

የሴንት ጁዱ ዶ/ር ዋልተር ሂዩዝ ሌላ መንገድ ፈለጉ። ኮትሪሞክሳዞልን መጀመሪያ በመድኃኒት የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ አይጦች ላይ ሞከሩት፤ በሽታውን ከለከለ። ከዚያ ካንሰር ባለባቸው ልጆች ላይ ጥናት አደረጉ፤ ውጤቱ በ1977 ታተመ። 160 ታካሚዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ኮትሪሞክሳዞል፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ወሰዱ። መድኃኒት ካልወሰዱት 80 ልጆች መካከል 17ቱ በኒሞሲስቲስ ምች ተያዙ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 80 ልጆች መካከል የተያዘ የለም። አንድም!

በሕክምና ጥናት ውስጥ እንዲህ ጥርት ያለ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገኝም። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1987 እኚሁ ሐኪም ሌላ ጥናት አሳተሙ፤ መድኃኒቱን በየቀኑ ከመስጠት ይልቅ በሳምንት ሦስት ቀን መስጠት እኩል እንደሚከላከል አሳየ። እንግዲህ እህቴ፣ ልጅሽ የታዘዘላት "በሳምንት ሦስት ቀን" ከየት እንደመጣ አየሽ? ከእነዚያ ልጆች ነው የመጣው።

ፔንታሚዲንን ያዙልኝ ብዬ ነበር። መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ ፈላጊ ስላልነበረው በገበያ ላይ አይሸጥም ነበር። የሚፈልግ ሐኪም አትላንታ ወደሚገኘው የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ ወደሚባለው መሥሪያ ቤት፣ ደውሎ ይጠይቃል። እዚያ ጥያቄዎቹን ተቀብላ መድኃኒቱን የምትልክ ሳንድራ ፎርድ የምትባል ሠራተኛ ነበረች። ሁልጊዜ መድኃኒት የሚጠየቀው ለምን እንደሆነ ትመዘግባለች፦ የካንሰር ታካሚ፣ የንቅለ ተከላ ታካሚ፣ እንዲህ እያለ። በ1981 መጀመሪያ ላይ ግን ለወጣት ወንዶች የሚጠየቅ ፔንታሚዲን በዛባት፤ ሐኪሞቹም የመከላከል አቅማቸው ለምን እንደወደቀ ሊነግሯት አልቻሉም። ነገሩ ከነከናትና ለአለቃዋ ጻፈች።

በዚያው ሰሞን በሎስ አንጀለስ ዶ/ር ማይክል ጎትሊብና ባልደረቦቻቸው ከዚያ በፊት ጤነኛ የነበሩ አምስት ወጣት ወንዶች በኒሞሲስቲስ ምች መያዛቸውን ጻፉ፤ ሁለቱ ሞተዋል። ጽሑፉ በሲዲሲ ሳምንታዊ መጽሔት ሰኔ 5 ቀን 1981 (ግንቦት 28 ቀን 1973 ዓ.ም) ወጣ። ከገጽ ብዙም ያልበለጠች አጭር ጽሑፍ ናት። ዓለም ስለ ኤድስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው እዚያ ላይ ነው። ቫይረሱ ገና አልተገኘም፣ ስምም የለውም። ወረርሽኙን ያስታወቀው የሳንባ ፈንገሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ታካሚዎቹ በሺዎች ሲቆጠሩ የሁሉንም ደረት መክፈት አይታሰብም። ምርመራው በግድ መቅለል ነበረበት፤ ቀለለም። ጃፓናዊው ዶ/ር ሺገቶ ኢኬዳ በ1960ዎቹ የሠሩት ተጣጣፊ ብሮንኮስኮፕ፣ ማለትም በአፍንጫ ወይም በአፍ ገብቶ ሳንባን የሚያሳይ ቀጭን ቱቦ፣ ዋናው መሣሪያ ሆነ። በቱቦው የጨው ውሃ ወደ ሳንባው ክፍል ይለቀቃል፣ ተመልሶ ይቀዳል፣ ያ እጣቢ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በ80ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከዚህም የቀለለ መጣ፦ ታካሚው ጠንከር ያለ የጨው ውሃ እንፋሎት ይተነፍሳል፣ ይህ ያስለዋል፣ ጥቂት አክታ ይወጣል። በ90ዎቹ ፒሲአር ገባ። ኮቪድ ሁላችንን ያስተማረን ፒሲአር የጀርሙን ዘረመል አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ ነው።

ፒሲአር የራሱ ችግር አለው። በጣም ስለሚያይ በሽታ ሳያመጣ እንዲሁ ሳንባ ውስጥ የተቀመጠውን ጥቂት ፈንገስም ያገኛል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ "ፖዘቲቭ" ስለተጻፈ ብቻ ሰውየው ታሟል አይባልም፤ ምልክቱ፣ ራጁና የመከላከል አቅሙ አብረው ይታያሉ። ሌላው ምርመራ ከደም ይሠራል፤ ቤታ ግሉካን የሚባለውን የፈንገሶች ግድግዳ ክፍል ይለካል። ውጤቱ ዝቅተኛ ከሆነ በሽታው የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ከፍ ካለ ግን ሌሎች ፈንገሶችም ሊያደርጉት ስለሚችሉ ብቻውን አይበቃም። የሚገርማችሁ ይህ ምርመራ የተፈጠረው ከአንድ የባሕር እንስሳ ደም ነው። እንስሳው የፈረስ ኮቴ የሚመስል ቅርፊት አለው፤ ደሙ ፈንገስ ሲነካው ይረጋል።

እስካሁን ፈንገስ፣ ፈንገስ ስል ቆየሁ እንጂ እስከ 1988 ድረስ ሳይንቲስቶች ራሳቸው ፈንገስ መሆኑን አልተቀበሉም ነበር። እንደ አሜባና ወባ ተውሳክ ይቆጥሩት ነበር። በዚያ ዓመት ዘረመሉ ሲነበብ ከፈንገሶች ወገን ሆኖ ተገኘ። ከቆይታ በኋላም አይጥ ላይ የሚኖረውና ሰው ላይ የሚኖረው የተለያዩ መሆናቸው ስለታወቀ የሰውየው በቼኩ ተመራማሪ ስም "ኒሞሲስቲስ ዪሮቬትሲ" ተባለ። ካሪኒ የሚለው ስም ለአይጡ ቀረ።

የእናትየው ሁለተኛ ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል፦ ፈንገስ በአንቲባዮቲክ ይያዛል እንዴ? አብዛኛው አይያዝም። ይኼኛው ግን ከወገኖቹ የተለየ ነው። የተለመዱት የፈንገስ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ፍሉኮናዞል፣ ኤርጎስቴሮል በሚባል የፈንገስ ሽፋን ስብ በኩል ነው የሚሠሩት። ኒሞሲስቲስ ደግሞ ያ ስብ የለውም። ስለዚህ የፈንገስ መድኃኒቱ አይነካውም። ኮትሪሞክሳዞል ግን ጀርሙ ፎሌት እንዳይሠራ መንገዱን ስለሚዘጋበት ያጠቃዋል። በዚህ ምክንያት "ፈንገስ ነው ከተባለ የፈንገስ ክኒን ልግዛ" ብሎ ፍሉኮናዞል መውሰድ ለዚህ በሽታ አይጠቅምም።

ወደ አህጉራችን እንምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ የኤችአይቪ ቫይረስ መኖር የታወቀው ከ1984 በተወሰዱ የደም ናሙናዎች ሲሆን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ሪፖርት የተደረጉት በ1986 ነው። በእነዚያ ዓመታት በአሜሪካና በአውሮፓ ፒሲፒ የኤድስ መለያ ሆኖ ሳለ ከአፍሪካ የሚወጡ ጽሑፎች "እዚህ እምብዛም የለም" ይሉ ነበር። ከፊሉ እውነት ነው። ቲቢ የመከላከል አቅም ብዙ ሳይወድቅም ስለሚይዝ ብዙ ወገኖቻችንን ፒሲፒ ከሚመጣበት ደረጃ ሳይደርሱ ቀድሟቸዋል። ሌላው ምክንያት ግን የዚህ ታሪክ አሮጌ ችግር ነው፤ የሚፈልገው አልነበረም። ብሮንኮስኮፕ የለም፣ ማቅለሚያው የለም። ያለው የቲቢ የአክታ ምርመራ ነው። የሚያስል፣ የከሳ፣ አክታው ላይ የቲቢ ጀርም ያልታየ ታካሚ በጥርጣሬ የቲቢ መድኃኒት ይጀመርለታል። ሐኪሞቹ ላይ አልፈርድም፤ እኔም በተማሪነቴ ያንኑ ሲደረግ አይቻለሁ፣ ብዙ ጊዜም ትክክል ነበር። ሲጀመርለት ያልተሻለውስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ኢትዮጵያውያን የሳንባ ሐኪሞች ይህንኑ ጠየቁ። ኤችአይቪ ያለባቸውን፣ አክታቸው ላይ ቲቢ ያልተገኘባቸውን ታካሚዎች ሳንባ በብሮንኮስኮፕ አጥበው መረመሩ። ከታካሚዎቹ መካከል ጥቂት የማይባሉት ፒሲፒ ነበረባቸው። "የለም" የተባለው ነገር ሲፈለግ ተገኘ፤ ልክ እንደ ፓሪስ አይጦች።

የሕፃናቱ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነበር። በ2002 የታተመ አንድ የዛምቢያ ጥናት በሉሳካ በመተንፈሻ አካል ሕመም የሞቱ 264 ልጆችን ሳንባ መረመረ። ኤችአይቪ ከነበረባቸው መካከል ከሩብ በላይ በሚሆኑት ላይ ፒሲፒ ተገኘ፤ በተለይም በጨቅላዎቹ ላይ። ከዚያ በዚያችው ዛምቢያ ኤችአይቪ ላለባቸው 541 ልጆች ኮትሪሞክሳዞል ወይም ባዶ ክኒን የተሰጠበት ጥናት ተካሄደ። ባዶውን ከወሰዱት 42 በመቶ ሲሞቱ መድኃኒቱን ከወሰዱት የሞቱት 28 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነቱ ግልጽ ስለሆነ ጥናቱ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፦ ያ ሁሉ ጥቅም ከፒሲፒ የመጣ አይደለም። ኮትሪሞክሳዞል ሌሎች የባክቴሪያ ምቾችንም ይከላከላል፤ በዚያ ጥናት የበዛው ጥቅም ምናልባትም ከዚያ ነው።

ዛሬ በጤና ጣቢያዎቻችን ኤችአይቪ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ ኮትሪሞክሳዞል ሽሮፕ የሚጀመርለት በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። ሕፃኑ ቫይረሱ የለበትም ተብሎ እስኪረጋገጥና ጡት መጥባቱ እስኪያበቃ ድረስ ይቀጥላል። ፒሲፒ በብዛት የሚመጣው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ስለሆነ "መጀመሪያ ውጤቱ ይምጣና" ብሎ መጠበቅ ያስመልጣል።

አሁንም ቢሆን ብሮንኮስኮፒም ሆነ ፒሲአሩ በየወረዳው የለም። ብዙ ቦታ ምርመራው የሚሠራው በሐኪሙ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ እናንተ የምትነግሩት ነገር ትልቁ ናሙና ነው። ኤችአይቪ በደማችሁ ካለ፣ መድኃኒቱን አቋርጣችሁ ከሆነ፣ ኬሞ እየወሰዳችሁ ከሆነ፣ ኩላሊት ተተክሎላችሁ ከሆነ፣ "ሳል ይዞኝ ነው" ብላችሁ ብቻ አትቀመጡ፤ ይህንንም ተናገሩ። ስቴሮይድም እንደዚሁ ነው። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ወይም ለቆዳ ተብሎ ፕሬድኒሶሎን በቀን 20 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወር በላይ የሚወስድ ሰው፣ በተለይ ሌላ የመከላከል አቅም የሚቀንስ ችግር ካለበት፣ የዚህ በሽታ ስጋት አለበት። ያለ ሐኪም ክትትል ከፋርማሲ እየገዙ ለወራት የሚወስዱ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ሐኪሙ ሲጠይቃቸው "መድኃኒት አልወስድም" ይላሉ፣ ምክንያቱም ክኒኑን እንደ መድኃኒት አይቆጥሩትም።

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በኮቪድ ጊዜ ብዙ ቤት ገብቷል። ስጋት ያለበት ሰው ተቀምጦ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ጥቂት ሲራመድ የሚወርድ ከሆነ ቀን ሳትቆጥሩ ሆስፒታል ሂዱ። ሕፃን ሲሆን ደግሞ መጥባት ማቃት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ መሰርጎድና ከንፈር መጥቆር ከታየ በሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ውጡ። ከታወቀ ይታከማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያው ኮትሪሞክሳዞል በከፍተኛ መጠን ለ21 ቀን ይሰጣል።

መድኃኒቱ ያለ ጉዳት ነው አልልም። ሽፍታ ሊያወጣ ይችላል፤ ሽፍታው ከትኩሳት፣ ከአፍ ቁስል ወይም ከቆዳ መላላጥ ጋር ከመጣ አቁማችሁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ። የደም ሴሎችን ቁጥርም ሊቀንስ ስለሚችል ኬሞ ላይ ያሉ ልጆች ደማቸው በየጊዜው ይታያል። የሰልፋ አለርጂ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ ሌሎች አማራጮች አሉ፣ ከእነሱም አንዱ ያ የድሮው ፔንታሚዲን ነው።

እናትየው ትናንት ደግማ ጻፈችልኝ። "ዶክተር፣ እሺ እቀጥላለሁ። ግን ሦስቱ ቀን ተከታታይ ይሁን ወይስ እያለፈ?" በ1987ቱ ጥናት ልጆቹ የወሰዱት በተከታታይ ሦስት ቀን ነው፤ ቀን እያሳለፉ የሚያዝዙ ሐኪሞችም አሉ፤ ስለዚህ የልጅሽ ሐኪም የጻፉልሽን ያዢ አልኳት። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ተብሎ ነው የተጻፈላት። ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፋ ልጅቷ ራሷ በየቀኑ ምልክት እንድታደርግ እንዳስለመደቻት ነገረችኝ።